ቤዝቦልን የመረመሩ ሊቃውንትና የእኛ የፈተና ወረቀት

የኤኮኖሚክስ ሊቃውንት ስለ ብረት ፋብሪካ፣ ስለ ስንዴ ዋጋ ወይም ስለ ባንክ ወለድ መጽሐፍ ቢጽፉ ማንም አይገረምም። ስለ ኳስ ጨዋታ ጻፉ ሲባል ግን ሰው ፈገግ ይላል፤ አንዳንዱም፣ በተለይ ከእኛው ከተማሪዎቹ መካከል፣ «የጠገበ አገር ሥራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ይህን ፈገግታ እቃወማለሁ። ላለፉት ሰባ ዓመታት ያህል በአሜሪካን አገር ስለ ቤዝቦል የተደረገው የኤኮኖሚና የማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ስለ ጨዋታው ከሚነግረን ይልቅ ስለ ሠራተኛና ስለ አሠሪ፣ ስለ ዳኛና ስለ ተዳኚ የሚነግረን ይበልጣል። ከዚሁም ውስጥ አንዱ ጥናት እኛን፣ ተማሪዎችንና መምህራንን፣ በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ እርሱን ለመጨረሻ አቆየዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጨዋታውን ላላየ ሰው በአጭሩ ልግለጽ። ዱላ አለ፣ ኳስ አለ፤ ነገር ግን የገና ጨዋታ አይደለም። አንዱ ወርዋሪ ኳሱን ይወረውራል፤ ከተቃራኒው ቡድን አንድ መቺ ዱላውን ይዞ ይጠብቀዋል፤ መትቶ ሮጦ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ከተመለሰ ነጥብ ይሆናል። የቀረውን ዝርዝር ለዛሬ እንተወው። ለጉዳያችን የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በዚህ ጨዋታ የእያንዳንዱ ሰው ሥራ ለብቻው መታየቱ ነው። በእግር ኳስ አንድ ግብ ሲገባ የማን ድካም እንደሆነ ቡና ቤት ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት ልንከራከር እንችላለን። በቤዝቦል ግን ወርዋሪና መቺ ፊት ለፊት ይፋጠጣሉ፤ ውጤቱም በሁለቱ ስም ይጻፋል። ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የአሜሪካ ጋዜጦች ይህን በሠንጠረዥ እያተሙ ኖረዋል።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ለባለቤቱ በዓመት ስንት እንደሚያስገባለት ማን ያውቃል? ሠራተኛው አያውቅም፤ ጎረቤቱም አያውቅም፤ ባለቤቱ ቢያውቅ መዝገቡን በመሳቢያው ቆልፎበታል። የቤዝቦል ተጫዋች ሥራ ግን በአደባባይ ይቆጠራል። ሊቃውንቱ ወደዚህ ሜዳ የመጡት ኳስ ስለወደዱ ብቻ አይደለም። ባለቤቶች የሚናገሩትን ነገር እውነት መሆኑን በቁጥር መፈተን የሚቻልበት ሌላ ቦታ በቀላሉ ስለማይገኝ ነው።

ባለቤቶቹ ምን ይሉ ነበር? የተጫዋቾች ውል አንድ አንቀጽ ነበረው። «ሪዘርቭ ክሎዝ» ይሉታል፤ እኛ «የማስቀረት አንቀጽ» እንበለው። አሳቡ በ1879 ተጀምሮ ኋላ ተጫዋቹን ሁሉ ያዳረሰ ነው። ተጫዋቹ የፈረመው ውል ሲያልቅ ቡድኑ ብቻውን ለአንድ ዓመት ሊያድሰው ይችላል፤ ባለቤቶቹ እንደሚተረጕሙትም፣ የታደሰው ውል ያንኑ አንቀጽ ስለያዘ በዓመቱ እንደገና ይታደሳል፤ እንዲህ እያለ ሰውየው ዱላውን እስኪሰቅል ድረስ ይቀጥላል። ቡድኑ በበኩሉ ሊሸጠው፣ በሌላ ተጫዋች ሊለውጠው ወይም ሊያሰናብተው ይችላል። በቀድሞው ዘመን የእኛ አገር ጭሰኛ እንኳ በጣም ሲከፋው ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ባለርስት ዘንድ ይሄድ ነበር። ይህኛው ግን ሌላ ቡድን ዘንድ መሄድ ከቶ አይችልም፤ ያለው ምርጫ መጫወት ወይም ሙያውን መተው ነው።

ይህ በአገሩ የሞኖፖል መከላከያ ሕግ አያስጠይቅም ወይ? በ1922 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዳኛው በሆምዝ ብዕር አያስጠይቅም አለ። ምክንያቱም የቤዝቦል ትርኢት በስቴቶች መካከል የሚካሄድ ንግድ አይደለም፤ ቡድኖቹ ከስቴት ወደ ስቴት መጓዛቸው ዋናው ነገር ሳይሆን ተቀጥላ ነው ተባለ። ባቡሩ ንግድ ነው፣ ሆቴሉ ንግድ ነው፣ ቲኬቱ ንግድ ነው፤ ጨዋታው ግን ንግድ አይደለም ማለት ነው! ይኸው ፍርድ በ1953 እንደገና ጸና።

ባለቤቶቹ ለአንቀጹ የሚሰጡት ምክንያት ለሰሚው መልካም ይመስላል። ተጫዋቹ ነጻ ከወጣ ሀብታሞቹ ቡድኖች ጎበዙን ሁሉ ይገዙታል፤ ድሃው ቡድን ባዶውን ይቀራል፤ ውድድር ይጠፋል፤ ተመልካችም ይሸሻል ይሉ ነበር። ስለዚህ ሰውየውን የያዝነው ለራሱ ለጨዋታው ስንል ነው አሉ። (ለራሳችን ሲሉ የያዙንን ሰዎች ታሪክ ያነበበ ተማሪ ይህ አነጋገር ለጆሮው እንግዳ አይሆንበትም።)

በ1956 ሳይመን ሮተንበርግ የተባለ የኤኮኖሚክስ ሊቅ ስለ ቤዝቦል ተጫዋቾች የሥራ ገበያ አንድ ጽሑፍ «ጆርናል ኦቭ ፖሊቲካል ኤኮኖሚ» በተባለው መጽሔት አወጣ። የሙያው ሰዎች የስፖርት ኤኮኖሚክስ ጥናት መነሻ አድርገው የሚቆጥሩት ይህንን ነው። ክርክሩ ቀላል ነው፤ እንዲህም ይላል፦ አንድ ተጫዋች ለድሃው ቡድን በዓመት አሥር ሺህ ዶላር፣ ለሀብታሙ ግን ሃያ ሺህ የሚያስገባ ይሁን (ቁጥሩን እኔ ለምሳሌ ያህል አመጣሁት)። ተጫዋቹ ነጻ ከሆነ ሀብታሙ ደህና ደመወዝ ሰጥቶ ይወስደዋል። ተጫዋቹ ነጻ ካልሆነስ? ድሃው ቡድን ለሀብታሙ ይሸጠዋል፤ ምክንያቱም ሽያጩ ከሚጫወትለት ይልቅ ይጠቅመዋል። በሁለቱም መንገድ ሰውየው የሚያርፈው እዚያው ሀብታሙ ቡድን ውስጥ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡን ማን ይበላዋል የሚለው ላይ ብቻ ነው። ነጻ ሲሆን ራሱ ይበላዋል፤ በአንቀጹ ሲታሰር ባለቤቱ ይበላዋል።

ይህን ነጥብ ደግመን ብናየው አይጎዳም። ሮተንበርግ ባለቤቶቹን ክፉዎች ናቸው ብሎ አልሰበከም። ክፉም ይሁኑ ደግ፣ አንቀጹ ይሠራል የሚሉትን ሥራ እንደማይሠራ አሳየ እንጂ። ሜዳው ላይ የሆነውም ይህንኑ ይመስላል። የማስቀረት አንቀጽ በጸናበት ዘመን፣ ከ1949 እስከ 1964 በነበሩት 16 የጨዋታ ዓመታት፣ የኒው ዮርኩ ያንኪስ የአሜሪካን ሊግን ዋንጫ 14 ጊዜ ወሰደ። ድሃውን ይጠብቃል የተባለው አንቀጽ የጠበቀው ይህንን ነው። በአንጻሩ ተጫዋቾች ነጻነት ካገኙ በኋላ፣ ከ1978 እስከ 1987 በነበሩት አሥር ዓመታት፣ የአገሪቱን የመጨረሻ ዋንጫ አሥር ልዩ ልዩ ቡድኖች ወሰዱት። እርግጥ ነው፣ ከ1965 ጀምሮ አዳዲስ ተጫዋቾችን ደካማው ቡድን ቀድሞ የሚመርጥበት ደንብ ስለገባ ለውጡን ሁሉ ለነጻነቱ መስጠት አይገባም። ነገር ግን «ነጻ ከወጡ ውድድር ይጠፋል» የሚለው ትንቢት አለመፈጸሙ ለማንም ግልጽ ነው።

ሮተንበርግ የተናገረውን በቁጥር የለካው ጄራልድ ስካሊ ነው። በ1974 «አሜሪካን ኤኮኖሚክ ሪቪው» ላይ ባወጣው ጥናት በመጀመሪያ የወርዋሪውና የመቺው ሥራ ቡድኑ ከሚያሸንፈው ጨዋታ ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ አሰላ። ቀጥሎም ቡድኑ የሚያሸንፈው ጨዋታ ከሚሰበስበው ገቢ ጋር ምን ያህል እንደሚገናኝ አሰላ። ሁለቱን አያይዞ አንድ ተጫዋች ለባለቤቱ በዓመት ስንት እንደሚያስገባ ካወቀ በኋላ ከደመወዙ ጋር አስተያየው። የሥልጠናውና የሌላው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ እንኳ መካከለኛው ተጫዋች የሚደርሰው ካስገባው ወደ 20 በመቶ፣ ዝነኛው ደግሞ ወደ 15 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጎበዝ በሆነ ቁጥር ድርሻው ያንሳል ማለት ነው። ስለ ጉልበት ብዝበዛ ስንት መጽሐፍ አንብበናል! ነገር ግን ብዝበዛውን ከነመቶኛው፣ ሠራተኛውንም ከነሥራው መዝገብ አቅርቦ የሚያሳይ ጽሑፍ እኔ ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም።

እዚህ ላይ ግን ጥናትን የምንወድ ሰዎች ልንታበይ አይገባም። ስካሊ ቁጥሩን ያሳተመው በ1974 ነው። ከርት ፍለድ የተባለው የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ደግሞ በ1969 ወደ ፊላደልፊያ ቡድን ተለውጠሃል ሲባል፣ የ90,000 ዶላር ደመወዝተኛ ሆኖ ሳለ፣ እንደ ዕቃ አልለወጥም ብሎ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ለቤዝቦል ኮሚሽነር ደብዳቤ ጽፎ ከዚያ በኋላ ክስ መሥርቶ ነበር። ደህና ደመወዝ የሚከፈለው ባሪያም ቢሆን ያው ባሪያ ነው ሲል በቴሌቪዥን የተናገረው እርሱ ነው። ጥቁሩ ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰን መጥቶ መሰከረለት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 በአምስት ድምፅ ለሦስት ተረታ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ከሕጉ ክርክር በፊት ከ80 በላይ የድሮ ዝነኛ ተጫዋቾችን ስም ደርድረው የጨዋታውን ውበት አመስግነዋል። ሰውየው ነጻነቱን ቢጠይቅ የሙያ ቀደምቶቹን ስም ዝርዝር ሰጡት።

ታዲያ ተጫዋቾቹን ማን ነጻ አወጣቸው? ማኅበራቸው ነው። በ1966 የተጫዋቾቹ ማኅበር ማርቪን ሚለር የተባለውን፣ ቀድሞ የብረት ሠራተኞች ማኅበር የኤኮኖሚ ባለሙያ የነበረውን ሰው፣ መሪ አድርጎ ቀጠረ። በ1968 በተፈረመው የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት ዝቅተኛው ደመወዝ ከ6,000 ወደ 10,000 ዶላር ከፍ አለ። ቆይቶም ማኅበሩ ጠብ ሲነሣ ገለልተኛ ገላጋይ ዳኛ እንዲያየው ባለቤቶቹን አስፈረመ። በታኅሣሥ 1975 ገላጋይ ዳኛው ፒተር ሳይትዝ የማስቀረት አንቀጹን አንብቦ «አንድ ዓመት» ማለት አንድ ዓመት ማለት ነው ብሎ ፈረደ። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ግንብ በዚህ ተናደ፤ ባለቤቶቹም ወዲያውኑ ሳይትዝን አሰናበቱት። በ1975 ወደ 44,700 ዶላር የነበረው አማካይ ደመወዝ በ1980 ወደ 143,800 ዶላር ደረሰ። የስካሊ መቶኛ እውነት እንደነበረ ገበያው ራሱ መሰከረ።

ስለዚህ ጥናቱና ማኅበሩ ምን ምን እንደሠሩ መለየት አለብን። ጥናቱ ባለቤቶቹ የሚያቀርቡትን ሰበብ ገፈፈ። በሩን የከፈተው ግን የተጫዋቾቹ ማኅበር ነው። «መጀመሪያ እናጥና፣ ከዚያ በኋላ እንጠይቃለን» የሚሉ ጓደኞቻችንም ሆኑ «ጥናት ምን ያደርጋል፣ እንጩኽ ብቻ» የሚሉት ይህን ታሪክ ቢያውቁት አይጠሉትም።

ወደ ቀለም መድልዎ ስንመጣ ቁጥሩ ይበልጥ ያሳዝናል። በ1957 ጌሪ ቤከር ስለ መድልዎ ኤኮኖሚክስ በጻፈው መጽሐፍ መድልዎ የሚያደርግ አሠሪ ራሱን እንደሚጎዳ፣ ጎበዙን ሠራተኛ በቀለሙ ምክንያት ሲገፋ ትርፉን እንደሚገፋ አስረድቶ ነበር። በ1974 ግዋርትኒና ሀዎርዝ የተባሉ ሁለት አጥኚዎች ይህንን በቤዝቦል ፈተኑት። ሮቢንሰን በ1947 ለብሩክሊን ቡድን ከተሰለፈ በኋላ ጥቁር ተጫዋቾችን ቀድመውና በርከት አድርገው ያስገቡት ቡድኖች ብዙ ጨዋታ አሸንፈው፣ ብዙ ተመልካችም አግኝተው ተገኙ። ቤከር ትክክል ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቦስተኑ ሬድ ሶክስ ይህን ሁሉ እያየ፣ እየተሸነፈም፣ አንድ ጥቁር ተጫዋች ለማሰለፍ እስከ 1959 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀ። ገበያው ራሱ መድልዎን ያጠፋዋል ለሚሉ መምህሮቻችን በአክብሮት የማቀርበው ጥያቄ ይህ ነው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የስንት ተጫዋች ጉልበት ያልቃል?

ደግሞም ሌላ የማይነገር ሒሳብ አለ። ጥቁሮቹ ከ1920 ጀምሮ የራሳቸው ሊግ፣ የራሳቸው ባለቤቶች፣ የራሳቸው ገቢ ነበራቸው። የብሩክሊኑ ብራንች ሪኪ ሮቢንሰንን ከካንሳስ ሲቲ ሞናርክስ ሲወስድ ለቡድኑ አንድ ዶላር አልከፈለም። የኒውዋርክ ኢግልስ ባለቤት የነበረችው ኤፋ ማንሊ ይህን በአደባባይ ተቃወመች። የመለያየቱ ግንብ መፍረሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ጎበዞቹ ተጫዋቾች ሲወሰዱ የጥቁሮቹ ሊግ ከነሥራ ቦታው ደርቆ ቀረ። የእነዚያ ተጫዋቾች ውጤት በዋናው መዝገብ ውስጥ የገባው በ2024 ነው። ያን ጊዜም ጆሽ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ የዘመናት አንደኛ ሆኖ ተገኘ። ሳይቆጠር የቀረ ሰው እንዳልነበረ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ስለ መቆጠር ከተነሣ አንድ ጨዋታ ልጨምር። በዚሁ ጨዋታ ታሪክ ላይ በ1960 የመጀመሪያውን ትልቅ ምሁራዊ መጽሐፍ ያወጡት ሃሮልድ ሲሞር ናቸው። ተከታታዩ ሦስት ቅጽ ሲሆን ሽፋኑ ላይ የነበረው የእርሳቸው ስም ብቻ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት እየዞሩ ከሰበሰቡት መካከል ባለቤታቸው ዶሮቲ ይገኙበታል፤ የሦስተኛውንም ቅጽ አብዛኛውን የጻፉት እርሳቸው ነበሩ። አሳታሚው ስማቸውን የጨመረው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። የሰው ጉልበት ማን በላው ብለን ስንመረምር ጽሑፋችንን ማን እንደገለበጠልን፣ መጠይቁን ማን እንዳስሞላልን አብረን ብናስታውስ ጥሩ ነው።

ከማኅበራዊ ኑሮ ጥናቶቹ ውስጥ እኔን ያሳቀኝ የጆርጅ ግመልች ነው። ሰውየው ራሱ በዲትሮይት ቡድን ሥር በታናናሾቹ ሊጎች የተጫወተ፣ ኋላ የሰው ልጆችን ባህል አጥኚ የሆነ ነው። ማሊኖቭስኪ በትሮብሪያንድ ደሴቶች ያሉ ዓሣ አጥማጆች በጸጥተኛው የዳር ውኃ ሲያጠምዱ አስማት እንደማይጠቀሙ፣ ወደ ክፉው ባሕር ሲወጡ ግን እንደሚጠቀሙ ጽፎ ነበር። ግመልች በ1971 ይህንኑ በቤዝቦል አገኘው። ኳስ ያዡ ከመቶ ወደ ዘጠና ሰባት ጊዜ ያህል ስለሚሳካለት ክታብ አያስፈልገውም። ጥሩው መቺ ግን ከአሥር ሰባት ጊዜ ስለሚሳነው ያልታጠበ ካልሲና የተመረጠ ምግብ አይለየውም። ፈተና ሲደርስ አንድ ዓይነት ብዕር፣ አንድ ዓይነት ወንበር የምትሹ ጓደኞቼ፣ በየትኛው ባሕር እንደምታጠምዱ እናንተው ፍረዱ።

ቁጥር ለተበደለው ብቻ ያገለግላል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። በ2002 የኦክላንድ ቡድን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር በሆነ ጠቅላላ ደመወዝ 103 ጨዋታ አሸነፈ። የያንኪስ ደመወዝ በዚያው ዓመት ከሦስት እጥፍ በላይ ነበር። ምስጢሩ ሌሎች ያቃለሉትን ችሎታ፣ በተለይ ታግሦ ከመምታት ተቆጥቦ ወደ ማዕዘን መድረስን፣ ቆጥሮ በርካሽ መግዛት ነበር። ሄክስና ሳወር በ2006 ባወጡት ጥናት ይህ ችሎታ በእርግጥ ከዋጋው በታች ይከፈልበት እንደነበረ፣ ነገሩ ከታወቀ በኋላ ግን ዋጋው እንደተስተካከለ አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ባለቤቶቹ ሁሉ ቆጣሪ ቀጠሩ። ተጫዋች ነጻ የሚወጣው ስድስት የአገልግሎት ዓመት ሲሞላው ነው፤ አንድ ዓመት የሚባለው ደግሞ 172 ቀን ነው። በ2015 የቺካጎው ከብስ ክሪስ ብራያንትን ጨዋታው ከተጀመረ ጥቂት ቀን ቆይቶ አስገባው፤ ልጁም 171 ቀን ላይ ቀረ። የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች ተባለ፤ ዓመቱ ግን አልተቆጠረለትም፤ ያቀረበውም አቤቱታ በ2020 ውድቅ ሆነ። የአንዲት ቀን ጉድለት አንድ ሙሉ ዓመት ነጻነት በላች። በእኛ አገር የገና ጨዋታ ዕለት አሽከር ጌታውን ቢያንጓጥጥ ቂም አይያዝበትም ይባላል፤ እዚያ ግን ጌታው ሜዳ አይገባም፤ ቀን መቁጠሪያ ይዞ ከላይ ይቀመጣል።

አሁን ለመጨረሻ ያቆየሁት ጥናት ይኸውና።

መቺው ዱላውን ሳያነሣ የቀረ እንደሆነ ውርወራው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም ብሎ የሚፈርደው ከኋላ የቆመው ዳኛ ነው። ልክ ከሆነ «ስትራይክ» ይላል፤ ወርዋሪው ይጠቀማል። ፓርሰንስ፣ ሱላይማን፣ የትስና ሃመርሜሽ የተባሉ አራት አጥኚዎች ከ2004 እስከ 2008 የተወረወሩትን ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ኳሶች መዝገብ መርምረው በ2011 ውጤቱን አወጡ። ዳኛውና ወርዋሪው የአንድ ዘር ሰዎች ሲሆኑ «ስትራይክ» የመባሉ ዕድል በጥቂቱ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ከመቶ አንድ አይሞላም፤ ነገር ግን አለ። አብዛኞቹ ዳኞች ነጮች ስለሆኑ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ መገመት አያስቸግርም።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ይህ አይደለም። በዚያን ጊዜ ከሜዳዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ የዳኛውን ፍርድ የሚመዘግብና የሚያመሳክር ካሜራ ነበራቸው፤ የቀሩት አልነበራቸውም። ካሜራ ባለበት ሜዳ አድልዎው ጠፋ። ተመልካቹ ሜዳውን በሞላበትም ቀን ጠፋ። መቺውን ሊያስወጣ ወይም በነጻ ሊያሳልፍ የሚችለው፣ ሁሉም ዓይን በሚያርፍበት በመጨረሻው ውርወራም ጠፋ። አድልዎው የተገኘው ማንም በማይመለከትበት፣ ነገሩ ትንሽ በሚመስልበት ቦታ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ወርዋሪዎቹ ይህን ያወቁ ይመስል፣ የሌላ ዘር ዳኛ ሲገጥማቸው ለክርክር የማይመች ኳስ መወርወር ያበዙ ነበር፤ እንዲህ ሲያደርጉ ደግሞ መቺው ይቀናዋል። አድልዎው በፍርዱ ብቻ አልቀረም፤ የተፈራጁን አሠራር ለወጠው።

እነዚህ ዳኞች ሌቦች አልነበሩም። ብዙዎቹ «እኔ ዘር አላይም» ብለው ቢምሉ በእውነት የሚምሉ ይመስለኛል። ልዩነቱ ለራሳቸውም የማይታይ ነበር፤ ከሦስት ሚሊዮን ውርወራ ውስጥ ብቻ ወጥቶ የሚታይ ነበር።

እንግዲህ መምህሮቻችን ሆይ፣ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የፈተና ደብተራችን የመጀመሪያው መስመር ላይ ምን ይጻፋል? ስም ከነአባት ስም። በአገራችን ስም ዝም ብሎ ስም አይደለም። የተወለዱበትን አገር ይናገራል፤ ቋንቋን ይናገራል፤ ሃይማኖትን ይናገራል፤ ወንድ ወይም ሴት መሆንን ይናገራል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስንፈተን መልሳችንን መኪና ያርመው ነበር፤ መኪና ደግሞ አባታችንን አይጠይቅም። እዚህ ከገባን በኋላ ግን የድርሰት መልስ እንጽፋለን፤ አንድ ሰው ለብቻው፣ ማታ፣ ደክሞት፣ ማንም ሳያየው ያርማል። ከአሥር ሰባት መስጠትና ሰባት ተኩል መስጠት ትንሽ ነገር ይመስላል። ካሜራ የሌለው ሜዳ፣ ተመልካች የሌለበት ቀን፣ ወሳኝ የማይመስል ውርወራ፤ ሦስቱም በአንድ ላይ አሉ።

ማንንም መምህር አልከስም፤ ለመክሰስም ማስረጃ የለኝም። ማስረጃ አለመኖሩ ራሱ ነው ያሳሰበኝ። ተማሪዎች በየመኝታ ቤቱ «እገሌ ለአገሩ ልጅ ያደላል» ሲሉ እንሰማለን፤ መምህራንም «ሰነፍ ሁሉ ሰበቡ ዘር ነው» ሲሉ እንሰማለን። ሁለቱም ወገን የሚናገረው በግምት ነው፤ የማስረጃው ሰነድ ግን በሬጅስትራሩ መዝገብ ቤት ተቀምጧል። ቤዝቦል ላይ ሰባ ዓመት የተደረገው ሥራ እንዲህ ያለውን ክርክር ከወሬ አውጥቶ ወደ ሚዛን ማምጣት ነው። ሚዛኑ መምህሩንም ሊያድነው ይችላል፤ ንጹሕ ከሆነ ንጽሕናው በቁጥር ይወጣል።

ስለዚህ ኅብረታችን ሁለት ነገር እንዲጠይቅ አሳስባለሁ። አንደኛው ከሚቀጥለው የመንፈቅ ዓመት ፈተና ጀምሮ በደብተሩ ሽፋን ላይ የመታወቂያ ቁጥር ብቻ እንዲጻፍ ነው። «የእጅ ጽሑፋችሁን እናውቀዋለን» የሚሉ መምህራን አሉ። ሃያ ተማሪ ባለበት ክፍል እውነታቸውን ነው። ሁለት መቶ በሆንበት የአንደኛ ዓመት አዳራሽ ግን፣ ስማችንንም በቅጡ ለማይዙ መምህር የእጅ ጽሑፋችን አይታወቃቸውም፤ ስለዚህ በአንደኛው ዓመት ይጀመር። ሁለተኛው የስታቲስቲክስና የኤኮኖሚክስ ክፍል ተማሪዎች በቁጥር ብቻ ከታረሙት ኮርሶችና በስም ከታረሙት ኮርሶች የተገኘውን ማርክ፣ የተማሪውም የመምህሩም ስም ተሰርዞ፣ እንዲያመሳክሩ እንዲፈቀድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የሬጅስትራር ደብዳቤ፣ ሁለት ኮምፒዩተርና የአንድ ክረምት ጊዜ ነው። የሥራውን እቅድ በሦስት ገጽ ጽፌ ለኅብረቱ ጸሐፊ ሰጥቻለሁ፤ የአካዳሚክ ኮሚሽኑ ከመሰብሰቡ በፊት አንብቦ ለማረም የሚፈልግ ተማሪም ሆነ መምህር ከጸሐፊው ዘንድ ሊያገኘው ይችላል።